ወንድሜ ከመንገድ ዳር የሚገዛልኝ አበባ

ወንድሜ ስጦታ መስጠት የማያውቅበት ሰው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ነድቷል። ሲመለስ የሚያመጣልኝ ሹፌር ሁሉ የሚያመጣውን ነው፤ ከሰል፣ ሙዝ፣ አንዳንዴ ማር። በሩ ላይ ያስቀምጥና "እንቺ" ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ትምህርቱን ትቶ የመኪና ረዳት ሆነና እኔን አስተማረኝ። ዛሬ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደረው በእሱ ነው። ይህን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

የመጀመሪያውን አበባ ያመጣልኝ ከሆስፒታል በወጣሁ ሳምንት ነው። ማህፀኔ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ነበር። ባሌ ከዚያ በፊት ጥሎኝ ሄዷል። ልጅ የመውለድ ነገር በዚያው አበቃ። የጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቼ ተራ በተራ እየገቡ "እሱ ያውቃል" ይሉኛል፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ወንድሜ ግን ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ ይዟል።

"ምንድነው ወንድምጋሼ?" አልኩት።

"የዛፍ አበባ ነው አሉኝ። ከቦንጋ ወዲህ መንገድ ዳር ይሸጡታል።"

ተነስቼ ፈታሁት። ወፋፍራም ቅጠሎች አሉት፤ ከሥራቸው ነጣ ያለ፣ የተጠማዘዘ ሥር ተንጠልጥሏል። አፈር የለውም፤ አበባም የለውም።

"አበባው የታለ?"

"ያብባል ብለዋል። አንቺ ጠብቂው።"

ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር እንድጠብቅ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ኦርኪድ የሚባለው የአበባ ተክል መሆኑን ሁለታችንም አናውቅም። የወተት ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልቼ ተከልኩትና ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣው ጀመር። በሁለተኛው ወር ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ፀሐይ አጥቶ ይሆናል ብዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን የመሬት ክርክር ያለባቸው ሽማግሌ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። በወጣትነታቸው የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ጉዳያቸውን ትተው ጣሳውን ያዩ ጀመር።

"ልጄ፣ ይህን ማነው የቀበረው?"

"እኔ ነኝ የተከልኩት አባባ። አጠፋሁ እንዴ?"

"ይሄ አፈር ውስጥ አይኖርም። ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ከዛፉ ምግብ አይወስድበትም፣ መያዣ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሥሩ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል።"

ከአፈሩ አውጥተው፣ የበሰበሰውን ሥር በእኔው መቀስ ቆርጠው አሳዩኝ። ከጎረቤቴ አናጢ ልጡ ያልተላጠ እንጨት ለምኜ፣ ተክሉን በአሮጌ የናይለን ካልሲ ቁራጭ አሰርኩበትና ከቤቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ጥግ ሰቀልኩት። የቧንቧ ውሃ ስለማይስማማው የዝናብ ውሃ በጀሪካን አጠራቅም ነበር። ሥሩ ሲደርቅ እንደ ብር ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው እያየሁት አረንጓዴ ይለብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። ሰፈሩ ላይ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቴ "እኛ የምንጠጣው የለን፣ አንቺ እንጨት ታጠጫለሽ" ትለኝ ነበር።

ያበበው ከዓመት በኋላ ነው። ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ዘንግ ወጣና ነጫጭ አበቦች ተደረደሩበት፤ እያንዳንዳቸው ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ረጅም ጭራ አላቸው። ወደ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው በመዓዛው ይሞላል። ለወንድሜ ስደውልለት ወልቂጤ ነበር። በማግስቱ ቤቱ እንኳ ሳይገባ እኔ ጋ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊቱ ብዙ ቆመ።

"እውነትም ያብባል ለካ" አለ።

ከዚያ ወዲህ በሄደ ቁጥር ይገዛልኝ ጀመር። ግማሾቹ መንገድ ላይ ተጨፍልቀው ሲመጡ ይሞታሉ። የተረፉትን በየእንጨቱ እያሰርኩ ግድግዳው ላይ ሰባት ደረሱ። የሚያመጣው ደግሞ እየዋለ እያደረ ትልልቅ ሆነ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዛፉ እንዴት እንደሚወርድ አልጠየቅሁም።

አንድ የትንሣኤ ሰሞን ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የሚበቅልበትን ልየው ብዬ አብሬው ሄድኩ። አንዲት ሴት ከማርና ከሙዝ ጎን ኦርኪዱን በገመድ ደርድራ ሰቅላለች። ወንድሜን ስታይ ከሩቅ ሳቀች፤ ደንበኛዋ ነው። እሱ ጎማ ሊያይ ሲቀር እኔ "ዛፉን ታሳዪኛለሽ?" አልኳት። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብለን አንድ ትልቅ ዛፍ ተጋድሞ አየሁ። ግንዱ እንዳለ ነው፤ እንጨቱን ማንም አልነካውም። የላይኛው ቅርንጫፍ ብቻ ተልጧል። መሬቱ ላይ የተረገጡ ትንንሽ ኦርኪዶች ተበትነዋል።

"ለምን ጣላችሁት?" አልኳት።

ሴትዮዋ አማርኛው ብዙም አይቀናትም፤ ግን አልደበቀችኝም። "ትልቁ አበባ ያለው ከላይ ነው፤ መውጣት አይቻልም። ሹፌሩ ትልቅ ትልቁን አምጪ ይላል፤ ለእህቴ ነው ይላል።"

እስከ አዲስ አበባ ድረስ አልተናገርኩም። ወንድሜ መንገዱ ያመመኝ መስሎት መስኮቱን ከፈተልኝ፤ ቀስ ብሎም ነዳ። ያን ጊዜ ያየሁትን ብነግረው ኖሮ ያዳምጠኝ ነበር። ዝም አልኩ፤ ዝም ስል ደግሞ ውስጤ ቁጣ ሆነ።

በኅዳር ከሁሉም የሚበልጠውን ይዞ መጣ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው ያቀፈው። እንባዬ መጣ፤ ግን የደስታ አልነበረም።

"ይሄን ለማውረድ ዛፍ እንደጣሉ ታውቃለህ?" አልኩት።

"እኔ ባልገዛው እዚያው መንገድ ላይ ይደርቃል እኮ።"

"ስትገዛው ነው ነገ ሌላው የሚቆረጠው። በእኔ ስም ጫካ ታስጨርሳለህ? ስጦታ አይደለም ይሄ። ውሰድልኝ፣ ግቢዬ አታስገባው።"

እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። እሱ አበባውን እንዳቀፈ መሬት መሬቱን አየ።

"ታዲያ ምን ላምጣልሽ?"

"ምንም።"

"እሺ" አለና ይዞት ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ለገና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ቤቱ ሄጄ ነበር። ስለ በጉ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን። ስለ አበባ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ሰው በዛ። ሌላ ጊዜ አልኩ። በየካቲት ጅማ ላይ ዕቃ ሲያራግፉ ደረቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ አሉ፤ አልተነሳም። አስከሬኑ የመጣው ሕይወቱን ሙሉ በነዳበት መንገድ ነው። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።

በሣልስቱ ሰው ሲቀንስ ሚስቱ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ አፈር ተሞልቶ፣ ያ ያባረርኩት ኦርኪድ ተተክሏል።

"የአንቺ ነው" አለችኝ። "ሲያብብ እሰጣታለሁ፤ ሲያብብ ካየችው አትመልሰውም ይል ነበር። ከጉዞ ሲመለስ ከልጆቹ ቀድሞ እሱን ነው የሚያየው። እኔ ሳይኖር አጠጣለት ነበር። ሳይለግም አልቀረም፣ አላበበም።"

ቁጭ ብዬ ቅጠሉን ነካሁት፤ እጄ ላይ ቀረ። አፈሩ ረስርሷል። ወንድሜ ስንት ጊዜ ግድግዳዬ ሥር ቆሞ ሌሎቹን እንጨት ላይ ታስረው አይቷቸዋል። ግን እንዴት እንደሚያዝ እንድነግረው መጠየቅ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ ያን አፉን ዘግቼበታለሁ። እንደሚያውቀው አደረገው።

"ለምንድነው ያልተቀበልሽው?" አለች ሚስቱ። በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ስላልገባት ነው። ስለተጋደመው ዛፍ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሰውየው በሞተ በሦስተኛው ቀን ስለ ዛፍ ማውራት አልቻልኩም። "ተሳስቼ ነው" አልኳት።

ቤቴ ወስጄ ሥሩን አጠብኩት። ሁሉም ቡኒ ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲጨብጡት ልጡ እንደ እጅጌ ይወልቃል። አንድ ሥር ብቻ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ነበረው። የሞተውን ሁሉ ቆርጬ፣ የቀረውን እንጨት ላይ አሰርኩት። ከሥራ እየወጣሁ ስንት ቀን ታክሲ ሳልጠብቅ በእግሬ ሮጬ መጥቻለሁ፤ ደረቀ ወይ ብዬ። በግንቦት የጣት ጥፍር የምታክል ቅጠል አወጣ። ብቻዬን ግቢ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ክረምቱ ሲገባ ቅዝቃዜው በረታበት። ነሐሴ ላይ ያቺ ቅጠል ጠቁራ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም።

የወንድሜ ሚስት በስልክ ስታገኘኝ ሁሌ ትጠይቀኛለች። "እንዴት ሆነልሽ አበባው?" ስትለኝ "ደህና ነው" እላታለሁ። መስከረም ላይ ሳትነግረኝ መጣች፤ ጥቁሯን እንደለበሰች። በዚያ ሳምንት ከድሮዎቹ አንዱ አብቦ ነበር። ገና ከበሩ ስትገባ አይታው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ይሄ ነው?"

አይደለም ልላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ቀርባ፣ ሳትነካው፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

"አየህ፣ አበበልህ" አለች፤ ከእሱ ጋር ነበር የምታወራው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ቢያመጣልሽ ትቀበይው ነበር አይደል?"

"እቀበለው ነበር" አልኩ። ይሄኛው ውሸት አልነበረም።

በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ፎቶው በልጆቹ በእያንዳንዳቸው ስልክ ላይ አለ፤ የአባታችን አበባ ይሉታል። ትንሿ ልጁ በትልቁ አሳጥባ፣ ከእሱ ፎቶ ጎን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ለጥየቃ በሄድኩ ቁጥር ከሥሩ ያስቀምጡኛል። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።