መናኙ ከመጫኑ በፊት

ሁለቱ መጀመሪያ የተያዩት የእንጨት እግሮች ደረጃውን እየዘለሉ ሲወርዱ ነው። ከወጣቷ ፊት ካርቶን አቅፈው ቀስ እያሉ የሚወርዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ የካርቶኑ ቂጥ ድንገት ተቀደደና የያዘው ሁሉ ዝርግፍ አለ። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ የልጅ እግር፣ አውራ ጣቱ የተጣመመ እግር፣ ሁሉም ከእንጨት የተጠረበ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ከባለቤቱ ቀድሞ ሊደርስ ነው!» አለች፣ አንዱን ሮጣ እየያዘች።

«ተዪው ልጄ፣ እሱ ድሮም ችኩል ነበር» አሉ። ሳቋ ደረጃውን ሞላው። የቀሩትን ለቅማ በሹራቧ አቅፋ ወደ ምድር ቤት ተከተለቻቸው።

የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ በዚያ ጠዋት ላይኛው ፎቅ የመጣችው ወረቀት የነከሰ ማተሚያ ልታስተካክል ነበር። ባልደረቦቿ «እስቲ ልየው» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። «ተስተካክሏል» ሲሏት በደስታ ትሰማና «እስቲ ልየው» ትላለች። ቤቷም ያው ናት። አንድ ጊዜ ትርፍ ቁልፍ ለጎረቤቷ አደራ ሰጠች። ሰነባብታ፣ ባሏ በነጠላ ጫማ ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ ዋናውን ቁልፍ ውስጥ ትታ ተከትላው ወጣችና በሩን ድርግም አደረገችው። «ምን ነክቶሽ ነው?» ቢላት፣ «ጎረቤት ጋ ያለው ቁልፍ መክፈቱን ልየው ብዬ» አለችው። አልከፈተም። ባልየው ይህን ሲያወራ የተቆጣ ለመምሰል ይሞክራል፤ ሳቁ ግን ይቀድመዋል።

ምድር ቤቱ ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። ሽማግሌው የገበያ ጫማ እምቢ ላላቸው እግሮች ጫማ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ እግሩ ላጠረ፣ መርገጫው ላበጠ፣ ጣቱ ለተደራረበ። ጫማው የሚወጠርበትን የእግር አምሳያ፣ ፎርማውን፣ ድሮ በእጃቸው ይጠርቡት ነበር። አሁን ማሽን ይጠርበዋል፤ እሳቸው ልኩን ኮምፒውተሩ ላይ እየተመለከቱ «እዚህ ትንሽ ይነሣ፣ እዚህ ይጎድጉድ» እያሉ ያርማሉ።

«ረፋዱ ላይ መኪና መጥቶ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይወስደናል» አሉ። «እንጨቱስ ቢሰበርም ይሰበር። ዋናው ነገራችን መናኙ ዘንድ ነው።» ጥግ ላይ ያለ ጥቁር ሣጥን በአገጫቸው ጠቆሟት።

መናኝ ያሉት የእግሮቹ ልክ ሁሉ የተከማቸበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ነው፤ ስሙም ልክ ነበር። የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ዶሜይን በሚባል አንድ ዋና መዝገብ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ጋ የታወቀ ሌላውም ጋ ይታወቃል። ይህኛው ግን የማሽኑ ሻጮች «ከማንም እንዳይቀላቀል» ስላሉ፣ የኔትወርክ ገመዱ ተሰክቶለት እንኳ ማንንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳያውቀው ለብቻው ይኖራል።

«መጠባበቂያ ቅጂ አለው?»

«ባክአፕማ! በየቀኑ አረንጓዴ አብርቶ ‹ተሳክቷል› ይለኛል።»

«እስቲ ልየው።»

ወንበር ሳበች። ቅጂው አለ፤ የተቀመጠው ግን እዚያው ሣጥን ውስጥ፣ እዚያው ዲስክ ላይ ነው። «ጋሼ! ይሄ እኮ ትርፉን ቁልፍ ከዋናው ጋር አንድ ማሰሪያ ላይ ማንጠልጠል ነው!» አለች። እዚያው ሣጥኑ ላይ ልትከፍተው ስትሞክር ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዶ «ተበላሽቷል» አላት። ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ታሟል?» አሉ ሽማግሌው።

«ታሟል። ዳታቤዙ፣ የልኮቹ ማኅደር፣ ለጊዜው ደህና ነው፣ ይከፈታል። ግን በዚህ አያያዙ መኪና ላይ ከተንገጫገጨ...»

ሽማግሌው ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ። «እግርስ መልሶ ይለካል። ያረምኩት ነው የማይመለሰው። ያኔ ዓይኔ ያይ ነበር፤ ዛሬ ብሞክር የሰው ተረከዝ ነው የማበላሸው።»

«ገና ሳይሞት አያልቅሱለት እንጂ!» እጅጌዋን ሰበሰበች።

አዲሱን ቅጂ በታመመው ዲስክ ላይ ማሳረፍ ዋጋ የለውም። ከውጭ ዲስክ እንዳይሰካበት ሻጮቹ መሰኪያውን ደፍነውታል። የቀረው በገመዱ ወደ ድርጅቱ የመረጃ ማከማቻ መላክ ነው፤ ማከማቻው ደግሞ የዶሜይኑ ልጅ ነውና መናኙን «አላውቅህም» አለው። ለዚህ አንድ ዘዴ ነበራት፤ በሁለቱም ቤት፣ በመናኙም በማከማቻውም፣ አንድ ዓይነት የተጠቃሚ ስም ከአንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ጋር ፈጠረች። ሲተያዩ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ያየ ይመስለዋል። ማከማቻው ተከፈተላት። አጨበጨበች። ቅጂውን አዘዘች።

«አልተፈቀደም» አላት ስክሪኑ።

በሩ ላይ የጭነት መኪናው ሹፌር ብቅ አለ። «እህቴ፣ ይሄ ጥቁሩ ይነሣ?»

«ንክች ታደርገውና!»

«ኧረ ተይኝ፣ ሚስቴም እንዲህ አልተቆጣችኝም» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

የራሷን ግንባር መታ አደረገች። «አዬ እኔ! በሩ የተከፈተው ለኔ ነው። ዕቃውን የሚሸከመው ግን ዳታቤዙ ነው፤ እሱ የሚሠራው በሌላ ስም ነው። መንገዱን ለራሴ አስፈቅጄ ተሸካሚውን ደጅ አቆምኩት!» ለዳታቤዙ ያንኑ አዲስ ስም ሰጠችው። ስሙን የሚቀበለው ግን ለአፍታ ቆሞ እንደገና ሲነሣ ነው።

«ተኝቶ ባይነሣስ?» አሉ ሽማግሌው።

ይህን እሷም እያሰበችው ነበር። «ቅጂው ሳይወጣ መኪና ላይ ከሚሞት፣ እኛ ፊት ይተኛ» አለች። «‹እንደገና አስነሣ› የሚለውን ይጫኑት። እርስዎ ያሳደጉት ነው።»

ሽማግሌው በጠቋሚ ጣታቸው ተጫኑት። ዲስኩ ቀጭ አለ። ዝም አለ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠጉ። ከዚያ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ...

«ተነሣ!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ሰው የወደቀ መስሎት ሮጦ ገባ።

ቅጂው ወደ ማከማቻው ሲጎርፍ ሦስቱም እንደ ኳስ ጨዋታ ቆመው አዩት። ሲያልቅ እንደ ልማዷ መከፈቱን ልታይ ከማከማቻው አንሥታ ላፕቶፗ ላይ ዘረጋችው። «የፈለጉትን ሰው እግር ይጥሩ።»

«የዳቦ ጋጋሪዋን ግራ።»

መጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ፤ በጣታቸውም ከአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ጉድጓድ ዳበሷት። «አለች። ይቺ የኔ ናት። እሷን ሳላወጣ በፊት ሴትዮዋ ምድጃ ፊት ቆማ መዋል አትችልም ነበር።» ሌላ አስጠሩ፣ ሌላም። እያንዳንዱ እግር ወሬ ነበረው፤ ሹፌሩም ሰዓቱን ረስቶ «ይሄስ የማነው?» ይል ጀመር።

መናኙን እንደ ሙሽራ በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪናው ላይ አወጡት። ሽማግሌው ከሹፌሩ ጎን ከተቀመጡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠሯት።

«ልጄ፣ ሰኞ አዲሱ ቤት ብቅ በይ፤ የኔን እግር እንለካለን። ይሄን ሁሉ ዘመን የሰውን እያስገባሁ የራሴን ያላስገባሁት ማሽኑን ስላላመንኩት ነው። ብቻ ትንሿን ጣቴን ስታዪ መሳቅሽ አይቀርምና፣ በሩን ዘግተሽ ሳቂ!»