የተረፈው ሃምሳ ሁለት ሰከንድ

ራዲዮና ቴፕ ጠጋኙን ማንም አልመረጠውም፤ ራሱን በራሱ ሾመ። ሹመቱ ዳኝነት ነበር። ሥልጣኑ ከሱቁ ጓዳ አያልፍም፤ ጓዳውም ሁለት ሜትር በሦስት ነው። በዚያች ሁለት በሦስት ውስጥ ግን ይግባኝ የሚባል ነገር አይታወቅም። ሰፈሩ "ዳኛው" ይለው ጀመር፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በሽሙጥ። እሱ ሁለቱንም አክብሮት አድርጎ ተቀበለ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሱቁ በር ገርበብ ይልና ጉባኤው ይሰየማል። ታዳሚው ሦስት ነው። አንደኛው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ሰው ጸጥ ማሰኘት ስለሆነ "ዝምበሉ" ይሉታል። ሦስተኛው የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሥራው ሰው ማስደንገጥ ስለሆነ "ጥሩምባ" ይሉታል። እያንዳንዱ ሳምንቱን ሲሰማ የሰነበተውን አልበም ይዞ ይመጣል። ደንብ አላቸው፤ ያረቀቀውም ያጸደቀውም ዳኛው ነው። ካሴቱ ሽፋኑ ወልቆ፣ ስም ሳይጻፍበት ይቀርባል፤ ስም ካዩ ጆሯቸው ያዳላል ተብሎ ይታመናል። አንድ ዘፈን ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል። የተፈረደበት ካሴት ለሱቁ ይወረሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ባዶ ይቆጠርና ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ሦስቱም ይህን ደንብ በአንድ ድምፅ ደግፈዋል፤ እንዲቃወሙ ዕድል የሰጣቸው እንደሌለ ግን መጥቀስ ተገቢ ነው።

"ዳኛው፣" አለ ጥሩምባ አንድ ቅዳሜ፣ የራሱ አልበም እየተሰማ ሳለ፣ "ይሄ ቴፕህ አልቸኮለም? መኪና ውስጥ ስሰማው እንዲህ አይሮጥም።"

"ቴፑ አልቸኮለም። ጆሮህ ነው የዘገየው።"

ዝምበሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ሳቀ። ጥሩምባም፣ ምን ያድርግ፣ አብሮ ሳቀ። ዳኛው ቀኑን ሙሉ የሰው ቴፕ ከፍቶ፣ ቺንጋ ሲቀይርና ሞተር ሲያስተካክል ይውላል። የገዛ ቴፑን ግን ከገዛው ጀምሮ ካቻቢቴ አስነክቶት አያውቅም። ማን ይጠርጥረው? መለኪያው እሱ ሆኖ ሳለ!

ዳኛው ታናሽ እህት አለችው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ያኔ ከጠዋት እስከ ማታ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ የሕመምተኛ ስም ስትጣራ ትውል ነበር። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ እንኳ አንዴ ከጠራችው ይሰማታል፤ ሳትጮህ። ይህን ሐኪሙም ዘበኛውም ያውቃል። ወንድሟ ብቻ አያውቅም። ልጆች ሳሉ ዕቃ እያጠበች ስታንጎራጉር "እባክሽ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው!" ብሎ ጮኾባት ነበር። እሱ ረስቶታል። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት አንጎራጉራ አታውቅም።

ይህች ሴት፣ የራጅ ክፍል ባልደረባዋ ጊታር እየመታላት፣ አራት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ካርድ ክፍሉን ዘግታ አሥራ አንድ ዘፈን ቀዳች። ካርድ ክፍል አራቱም ግድግዳው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ የድምፅን ነጸብራቅ ውጦ ያስቀራል። ብዙ ስቱዲዮ እንዲያ ያለ ግድግዳ አላገኘም። ከዚያ ሁሉ እሑድ የወጣው አንድ ካሴት ነው፤ ዋናውም ቅጂውም እሱው። እንዳይጠፋባት ብላ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበረቻቸው፤ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ቴፕ አይቀዳም። ከዚያ ለልብስ ሰፊው ሰጠችው።

"የኔ መሆኑን እንዳትነግረው፣ ጋሼ። እህቴ ናት ብሎ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም፤ እህቴ ናት ብሎ እንዲያሾፍብኝም አልፈልግም። ዝም ብሎ ይስማው። ከወደደው እዚያው እሱ ጋ ይባዛል።"

"ካልወደደውስ?"

"ትመልስልኛለሃ።"

ልብስ ሰፊው ካሴቱን አስቀድሞ ቤቱ ሰምቶት ነበር። ሁለት ጊዜ። ስለዚህ የሚወረስ ካሴት ይዞ እየሄደ መሆኑ በሐሳቡም አልመጣም።

ዳኛው አንድ ዘፈን እንኳ አላስጨረሰም። በፈጠነው ሞተር ላይ ድምፁ ቀጥኖ፣ ተወጥሮ፣ ክር አከለ።

"ምንድናት ይቺ? ትንኝ ናት? ኧረ በር ክፈቱ፣ ወባ ሳታስይዘን! ጊታረኛውስ? አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው መሰለኝ። ሴትዮ፣ ተረጋጊ! ማንም አላባረረሽም!"

ጓዳው በሳቅ ፈረሰ። ጥሩምባ እንባውን ጠረገ። ልብስ ሰፊው ብቻ መርፌ የዋጠ ሰው መስሎ ተቀመጠ።

"ማን ናት ግን?" አለ ዝምበሉ።

"ማንም ትሁን፤ እንጀራዋን አትልቀቅ በሏት።"

ካሴቱ መሳቢያ ገባ። ልብስ ሰፊው ቃል ገብቷልና በሰው ፊት አፉን አልከፈተም፤ ሰኞ ብቻውን ሳለ እለምነዋለሁ ብሎ አሰበ።

ሰኞ ጠዋት ግን ዳኛው ለትውልድ የሚተርፍ ትምህርት ሊቀዳ ተነሣ። ትውልዱ አልጠየቀውም። ርእሱ "የጥሩ ድምፅ ምንነት" ይባላል። ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ቴፑ ውስጥ ቢከተው የመቅጃው ቁልፍ አልጫንም አለ። አውጥቶ ጀርባውን አየ። ጥርሶቹ የሉም። ጠጋኝ ነው፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ይህ እንዳይጠፋ ፈልጓል ማለት ነው። ካሴቱን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ፕላስተር አወጣና በአፉ ቆርጦ፣ በሁለቱም ቀዳዳ ላይ ለጥፎ፣ መቅጃውን ተጫነው።

ስለ ጥሩ ድምፅ ምንነት ሁለቱንም ጎን ተናገረ። ሁለተኛው ጎን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ራዲዮ የታቀፈች ደንበኛ ባትመጣ ኖሮ እስከ ጫፉ ይሞላው ነበር። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ደርሶ፣ ማይክራፎኑንና ካሴቱን አይቶ ከደጅ ተመለሰ። ለእህትየው "አልወደደውም፤ ካሴቱም ጠፋብኝ" አላት። እሷም "ምንም አይደል" አለችና ወደ መስኮቷ ሄደች።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ቴፕ የሚያስጠግን ጠፋ፤ ዳኛው ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ይሸጣል። ጉባኤው ወደ ስልክ ገብቶ "የቅዳሜ ጆሮዎች" የሚል ስም ወጣለት፤ አባሉም ሠላሳ ደረሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ "አሁን ምን እየሰማችሁ ነው?" የሚል ጥያቄ ይለጠፋል። ሠላሳውም ይመልሳል፤ አልበሙን ለመስማት ግን አብዛኛው ጊዜ የለውም፣ ምን እየሰማ እንደሆነ ሲጽፍ ይውላልና። ዳኛው ዘፋኙን፣ ጊታር መቺውን፣ የተቀዳበትን ዓመት ሳይቀር እየጠቀሰ እዚያም ይፈርዳል። ካሴት መውረስ ብቻ ነው የቀረበት።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው በአካል መጣ። አርጅቷል፤ የስፌት መኪናውን ሸጦ ልጁ ዘንድ ሊኖር ነው፣ ሩቅ።

"ስንብት ነው?" አለ ዳኛው።

"ስንብትም ነው፤ ዕዳም አለብኝ። ያቺን ትንኝ ታስታውሳታለህ?"

"የቷን ትንኝ?"

"ወባ ታስይዘናለች ያልካትን። እህትህ ነበረች።"

ዳኛው መጀመሪያ ሳቀ፤ የለመደው እሱን ነው። የልብስ ሰፊው ፊት አብሮት አልሳቀም።

"እና እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?"

"እንዳትነግረው አለችኝ። ኋላ ደግሞ ልንገርህ ብል ምን ትመልስላታለህ? ሰኞ ስመጣ እያወራህበት ነበር እኮ።"

ልብስ ሰፊው ከሄደ በኋላ ዳኛው አሮጌ ካርቶኖች አገላብጦ ፕላስተር የተለጠፈበትን ካሴት አገኘው። ሁለተኛውን ጎን ወደ መጨረሻው አስኪዶ ከፈተው። የገዛ ድምፁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ቋ ብሎ ተቋረጠ፤ ከኋላው ቀጭን፣ የሚሮጥ የሴት ድምፅ መጣ። ያው ትንኝ! እህቴ እንዲህ አይደለችም ሲል አሰበ፤ እና ያኔ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የጥሩምባ ጥያቄ ትዝ አለው። ካቻቢቴ አነሣ። ሞተሩን በመለኪያ ካሴት ፈተሸው፤ ይሮጣል። ሲሮጥ ነው የኖረው። አስተካከለውና ደግሞ ከፈተ። ትንኟ የለችም። ሰፋ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ከኮሪደር ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ጓዳውን ሞላው። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። ካሴቱ አለቀና የመጫወቻው ቁልፍ ብቅ አለ።

እሑድ ጠዋት ቴፑን ተሸክሞ እህቱ ቤት ሄደ። የሥራ ጋዎኖቿን እየተኮሰች ነበር።

"ወንድምጋሼ! በደህና ነው? ቴፕ ተሸክመህ የት ልትሰደድ ነው?"

"ተቀመጪ፣ እታለም።"

"ካውያው ግሏል። ቆሜ እሰማለሁ።"

የተረፈውን ከፈተላት። እጇ ባለበት ቀረ። ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ካውያውን አነሣችው።

"ጠፋ ነበር እኮ የተባልኩት።"

"አልጠፋም። እኔ ጋ ነበር።"

"የቀረውስ?"

"የቀረው ላይ እኔ አለሁበት።"

ካውያውን አቆመችው። "ጥርሱን ሰብሬው ነበር እኮ፣" አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

"አይቻለሁ።"

"አይተህ ነው?"

"አይቼ ነው የለጠፍኩት።"

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቃል ያልቸገረው ሰው የወጣለት ሌላ ነው። "እንደገና እንቅዳው። ቴፑን አስተካክዬዋለሁ። እኔው እቀዳሻለሁ፣ ቃል አልናገርም።"

"ግጥሙን ረስቼዋለሁ፣ ወንድምጋሼ። ጊታር መቺውም በሕይወት የለም። ድምፄ ደግሞ… አሁን እኛ ጋ ስም የሚጠራው ማሽን ነው። በቁጥር።" ጋዎኑን ገለበጠች። "ይልቅ ከመጀመሪያው አጫውተው።"

"ምኑን?"

"አንተን። በኔ ቦታ የገባውን ልስማው እንጂ።"

አጫወተው። በፈጠነ ቴፕ የተቀዳ ድምፅ በተስተካከለው ላይ ሲወጣ ይጎተታል፤ ዳኛው እንደ ሰከረ ሰው ምላሱ ከብዶ፣ ወፍሮ፣ እየተንፏቀቀ መጣ። "ጥ…ሩ ድ…ምፅ ማለት… በመቶ ሰው መሀል… አንዴ ሰምተን… የማንስተው…" እህቱ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቂም የሌለበት፣ ልጅ ሳሉ የምትስቀው ዓይነት ሳቅ። እሱ ወንበሩ ላይ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ራሱን ሰማ። መቋረጫው ሲደርስ ጋዎኖቹ ሁሉ ታጥፈው ነበር። ሃምሳ ሁለቱ ሰከንድ ሲመጣ ከንፈሯ በአንድ ቃል ላይ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑን ጣለባት፤ አየችውና ከንፈሯን ገጠመች።

ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኘችው። "ለነዚያ ለጓደኞችህ ስሜን እንዳታነሣ፣" አለችው። "አሁን ፍርድ አልፈልግም።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳኛው ከካሴቱ ጀርባ ፕላስተሩን ላጠው። ሙጫው ግን እንደ ቆሻሻ ግማሹ እዚያው፣ ግማሹ ጣቱ ላይ ቀረ። ስልኩ ጮኸ፤ "አሁን ምን እየሰማችሁ ነው?"

"ሃምሳ ሁለት ሰከንድ የሆነ አልበም፣" ብሎ ጻፈ።

"ሃምሳ ሁለት ሰከንድማ ማስታወቂያ ነው!" አለ ጥሩምባ።

"አልበም ነው። እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።"

ሠላሳው ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ዳኛው አንድ ነገር ወደደ! ዝምበሉ እንደ ያኔው ጠየቀ፤ "ማን ናት ግን?"

ስሟን ጻፈው። አየው። አጠፋው። ልብስ ሰፊው በሩቅ ሆኖ መልእክቱን እንዳነበበው ምልክቱ ያሳያል።

"ዳኛው፣" አለ ጥሩምባ፣ "አንተ የማታውቀው ዘፋኝ አለ እንዴ?"

ዳኛው ጣቱ ላይ የቀረውን ሙጫ በሱሪው ጠረገና መለሰ፤ "አላወቅኳትም።"