ምሰሶው የወጣለት ክብ ቤት

«ነገ ጠዋት ምሰሶውን እናወጣዋለን» ሲሉኝ የያዝኩት ሻይ ሊደፋብኝ ነበር።

ነገሩ መካነ ሰላም ነው፣ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። ምህንድስና ጨርሼ ወረዳ ቢሮ ከተመደብኩ ሦስት ወሬ ነው። ሰዉ «ኢንጂነሯ» ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። አከራዬ እትዬ ዘሀራ ለልጃቸው ሰርግ ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የሳር ክብ ቤት አሠርተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ሲሮጥ እሳቸው «ክብ ካልሆነ መንዙማው አይደምቅም» ብለው እምቢ አሉ። የሠሩላቸው ሼህ እንድሪስ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፣ ከዚያ ቤት ይሠራሉ።

እና እኚህ ሰውዬ ናቸው መሀል ላይ ጣሪያውን ተሸክሞ የቆመውን ምሰሶ ሊነቅሉት ያሰቡት!

«ሼህ፣ ይወድቃል እኮ!»

«አይወድቅም፣ አብሽሪ። ለመሥሪያ ነው ያቆምነው።»

ወይ አብሽሪ! ሐሙስ እኮ ለሰርጉ እዚያ ውስጥ ስልሳ ሰው ሊቀመጥ ነው። እትዬ ዘሀራ አንዴ እኔን አንዴ ሼሁን እያዩ «ምሰሶው ካለ ሰዉ የት ይቀመጣል? ከወጣ ደግሞ ሰው ላይ... ያ አላህ፣ ምን ውስጥ ገባሁ!» ይላሉ። በመጨረሻ «እሷ ተምራበታለች፣ ይቅር» አሉ። የሼሁ ፊት ጥቁር አለ። ዕድሜ ልካቸውን ያቆሙት ስማቸው ነው የተነካው።

ቅር እንዳይላቸው ላስረዳ ብዬ ወረቀት አውጥቼ ሳልኩላቸው። ግራና ቀኝ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ግድግዳው የሚወርዱ ሁለት ወራጅ እንጨቶች፣ መሀል ምሰሶ።

«አዩ? ምሰሶው ሲወጣ ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፉትና... ዝርግፍ!»

ወረቀቱን አዘቅዝቀውም አቅንተውም አዩት።

«ማገሩ የታለ?»

«የቱ ማገር?»

«ዙሪያውን ዞሮ ወራጁን ሁሉ ያቀፈው። በጠፍር ያሰርነው።»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። ቤቱን ለሁለት ቆርጬ ነዋ የሳልኩት! እንደዚያ ሲቆረጥ ዙሪያውን የሚዞረው ማገር ወረቀቱ ላይ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ደግሞ ነጥቡንም ረስቼዋለሁ።

«ይሄ ግማሽ ቤት ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ሳይስቁብኝ። «ግማሹማ ይወድቃል።»

ቢሮ ሄጄ ማገሩን ጨምሬ እንደገና አሰላሁት። ይችላል። እንዲያውም ይተርፈዋል! እፍረቱን አትጠይቁኝ... ተመልሼ እትዬ ዘሀራን «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሼሁ ሰዉን ሁሉ አስወጥተው ብቻቸውን ገቡ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ስሌቴን ካመንኩት ደጅ ቆሜ ምን እሠራለሁ? ሼሁ ከምሰሶው ሥር ያለውን ሽብልቅ በመዶሻ መቱት። ጣሪያው ሲጥ አለ... አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ... ቆመ። ምሰሶውን ነቅለው አወጡት።

ከደጅ እልልታ ሰማሁ። እትዬ ዘሀራ ናቸው።

«ሼህ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«መንዙማ» አሉኝ።

እያሾፉብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት የመንዙማው ድቤ ደራ። አውጪው መሀል ላይ ሆኖ ግጥሙን ያወጣል፣ ዙሪያውን የተቀመጠው እያጨበጨበ ይቀበላል። አንድ ጊዜ ሰውዬው ጭራሽ ዝም ብሎ ውሃውን መጠጣት ጀመረ... ዜማው ግን ንቅንቅ አላለም! ዙሪያው ይዞታል። ጸጉሬ ቆመ። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ ዝቅ ብዬ ሰዉን አየሁ። ያው አንድ ነገር ነው እኮ! ቤት ሠሪው ከመንዙማ አውጪው ነው የተማረው ወይስ መንዙማ አውጪው ከቤት ሠሪው? እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ እስከ ዛሬም ይበላኛል።

ሼህ እንድሪስን ላመሰግን ብፈልጋቸው እሳቸውም ዙሪያው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያጨበጭባሉ። እኔም ከሴቶቹ መሀል ገብቼ መቀበል ጀመርኩ።

ቤተሰቦቼ «የአንቺ ድምፅ ጣሪያ ያፈርሳል» ይሉኛል... ያኛው ጣሪያ ግን እኔንም ችሎኛል።