በጋቢ የተጠቀለለው ዳቦ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ሽታ ሲወጣ፣ ያ የሁዳዴ ቀን ይመጣብኛል። በደርግ ጊዜ፣ ወሎ በድርቅ የተመታበት ዓመት ነበር። ውዳሴ ማርያም የሚያስተምሩን የኔታ፣ ከትምህርት በኋላ ከድርቁ ሸሽተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለተጠለሉት ዳቦ ያሳድሉን ነበር።

አጥንታቸው ብቻ የቀረ አንድ ሽማግሌ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ስመው በጋቢያቸው ጠቀለሉት።

«አባቴ፣ ይብሉ እንጂ» አሉ የኔታ። «የተራበ ሰው ጾም የለበትም።»

«ቅዳሴው ይውጣ» አሉ ሽማግሌው በዝግታ። «እስከ ዛሬ የምተወው እህል አልነበረኝም፤ ተራብሁ እንጂ አልጾምሁም። ዛሬ አግኝቻለሁና ልጹም።»

የኔታ መቋሚያቸውን አጋድመው አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኛም ተቀመጥን። ደወሉ እስኪደወል ድረስ የዳቦው ሽታ ከጋቢው ውስጥ ይወጣ ነበር።

ዛሬም ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ቤት እስክደርስ ጫፉን አልቆርስም።