በወንድሜ ስም የመጣው ኢሜይል
ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ የታሰረው ወንድሜ የት እንዳለ ሳናውቅ ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ካናዳ፣ ኤድመንተን ቤቴ ኢሜይሌን ቼክ ሳደርግ ስሙን አየሁ። በእንግሊዝኛ «ፎቶዬን እዪው» ይላል። ሳልከፍተው እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጽፏል!» ስላት እልል አለች።

ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘውን ፋይል ስከፍተው ግን ምንም ፎቶ አልነበረውም። በማግስቱ ጓደኞቼ «ምንድን ነው የላክሽልን?» እያሉ ደወሉ። ኮምፒውተር የሚጠግን ሐበሻ ጎረቤቴን ጠራሁት።

«ዎርም የሚሉት ቫይረስ ነው» አለኝ። «ከተበከለ ኮምፒውተር አድራሻ ይለቅምና በሰው ስም ራሱን ይልካል። አሁን ባንቺም ስም ተሰራጭቷል። ወንድምሽ አልጻፈም።»

ለእናቴ መልሼ ደወልኩ። ቫይረስ መሆኑን ስነግራት፣ «ታዲያ ስሙን ማን ነገረው?» አለች።

ስልኩን ይዘን አለቀስን። በኋላም ወንድሜ ሳይገኝ እናቴ አረፈች።