በድድ ውስጥ ያሉት
ሴትዮዋ የሜኮንግን ወንዝ በጀልባ ስትሻገር ሩዟን የምትበላው ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ነው፤ ስትስቅም አፏን በሾጣጣ ባርኔጣዋ ትከልላለች። አብራት የምትሻገረው ሩዝ ሻጯ ቶዋ ስሟን እንኳ አታውቅም። ዛሬ ግን ነፋሱ ባርኔጣዋን ሲነጥቃት ጥርሶቿን አየች። አመድ ይመስላሉ፤ ሁለት ቡናማ መስመሮች በማስመሪያ እንደተሰመሩ ከዳር እስከ ዳር ያቋርጧቸዋል።

«ሁለት ዓመቴ ላይ አመመኝ፤ በሦስት ዓመቴም ደገመኝ» አለች ሴትዮዋ የቶዋን ዓይን አይታ። «እናቴ ቢጫውን የትኩሳት ክኒን በሩዝ ውሃ እየበጠበጠች ታጠጣኝ ነበር፤ እሱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው።»

ቶዋ ጭኗ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ልጇን ከንፈሯን ገለጥ አደረገቻት። «የኔዋን እያት እስቲ! ወተት አይመስሉም? ባለፈው ወር ሲያተኩሳት ያንኑ ክኒን ነው የሰጠኋት።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ድድ በቀዝቃዛ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳበሰች።

«የኔም የወተት ጥርሶች ነጭ ነበሩ እኮ እህቴ፤ እስኪወልቁ ድረስ።»