እንፋሎቱ ለእኔ፣ ቂጣው ለእሷ

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉንም ሒሳቡንም በራሴ ለየሁ፤ በአገራችን በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ ሙግት ሲከር ሽማግሌዎች «እሱ ይጠራ» የሚሉት እኔን ነበር። ይህን የምጽፈው የጓያ በሽታ ቤታቸው ለገባባቸው ነው።

በጣልያን ጊዜ ወታደሮች ገብሳችንን ከነክምሩ አቃጠሉት። የተረፈን ጓያ ብቻ ነበር፤ ለወራት በላነው። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ውድነሽ ከወንዝ ስትመለስ ወደቀች። «ባቴን ገተረኝ» አለች። ሰንበትበት ሲል ጉልበቷ አልዘረጋ አለ። በጣቷ ጫፍ ትራመድ ጀመር።

በአገራችን እግር የሚሰብረው የጓያ እንፋሎት ነው ይባላል። እኔም አመንኩ። ከምድጃ አስነሥቼ ደጅ አስቀመጥኳትና ቂጣውን ራሴ ጋገርኩ። ጎረቤታችን ጥሩነሽ በአጥር ብቅ ብላ፣ «እሰይ ባለሙያው! ቀሚስም እንስፋልዎት?» አለችኝ። የታመመ ይበርታ ብዬ ቂጣውን ሁሉ ለውድነሽ ሰጠሁ። እኔ ጎመን ቀቅዬ በላሁ።

ባሰባት። ሁለት ምርኩዝ ያዘች።

አንድ ቀን ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። እንፋሎት ውስጥ የከረምኩት እኔ። እግሬ ደህና ነው። የበላችው እሷ ናት።

የአንድ ቤት ነገር ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርኩ፦ ማን ይጋግራል? ማን ይበላል? ከምን ጋር? ሕመምተኛውን ብቻ መጠየቅ ያሳስታልና ጤነኛውንም ጠየቅሁ። ጥሩነሽ ሁልጊዜ ትጋግራለች፤ ግን ከቃጠሎው ያተረፈችውን ገብስ በብዛት ትቀላቅላለች፣ ደህና ናት። ባሏ በሞተባት እህቷ ቤት ደግሞ ምድጃ ቀርቦ የማያውቀው ጎልማሳ ልጇ ጓያ ብቻ በልቶ ያነክሳል።

ዲማ ካለው አማቼ ገብስና ሽምብራ በጀርባዬ አመጣሁ፤ እግዜር ይስጠው። ጓያው ከቤታችን ወጣ። ሕመሙ ባለበት ቆመ፤ ከዚያም ጠዋት ጠዋት እግሯን በቅቤ እያሸሁ፣ በግቢው ዙሪያ ክንዷን ይዤ እያራመድኳት፣ ክረምቱ ሲወጣ አንዱን ምርኩዝ ጣለች።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስ ሐኪም አያት። «ላቲሪዝም ነው። መርዙ እህሉ ውስጥ ነው፣ ነርቭ ይጎዳል። ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ባያቆሙ ኖሮ ግን መራመድ ባልቻለች። ማን ነገረዎት?»

«ማንም!» አልኩ።

እናንተም ጓያን ብቻውን አትብሉ። ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና ውሃውን ድፉት፤ ከገብስ ቀላቅሉት። ባት ሲገትር ወዲያው ተዉት።

እነሆ የሠራሁት፦ የመንደሩን የእንፋሎት ወሬ አጠፋሁ። ቂጣ መጋገር ቻልኩ። ሚስቴን በአንድ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን አደረስኩ። ያሳመምኳት እኔ መሆኔንም ነገርኳት።

«እየራበዎት ነው የሰጡኝ» አለችኝ።